ደሴ ላይ ያጓራል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይጠፋል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ቪትዝ አለችኝ። ከሁለት ወር በፊት 12 ኢንች ሳብውፈር (የቤዝ ስፒከር) ከነአምፕሊፋየሩ አስገጠምኩባት። ቦክሱ ኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ነው፣ ፊቱ ወደ ኋላ ወንበር መደገፊያ ዞሯል። ችግሬ ቤዙ ወጥ አለመሆኑ ነው። ቤዝ ጊታሩ አንዱን ኖታ ሲመታ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ቀጥሎ ያለው ኖታ ግን ጭራሽ የለም። እኔ ሹፌር ወንበር ላይ ሆኜ ደካማ ነው የሚሰማኝ። ኋላ የሚቀመጡ ጓደኞቼ ደግሞ «ኧረ ቀንስልን፣ ጆሯችን ሊፈነዳ ነው» ይሉኛል። ከውጭ የሚሰማ ሰውም እንዲሁ። የሚገርመው፣ ደሴ ላይ እንዲህ የሚያጓራው ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ይከሳል። አየሩ ይሆን እንዴ? የገጠመልኝ ልጅ «አምፑ አንሶት ነው፣ ትልቅ ግዛ» አለኝ። ልግዛ?
ከደሴ፣ ሸዋበር

መልስ፦ አትግዛ። ይህን መጀመሪያ ልበልህና ከዚያ እንጫወታለን። መኪና የሚያንቀጠቅጥ አምፕ እንዴት ብሎ ነው ያነሰው? ጉልበቱ አለ። የተከፋፈለው ነው እኩል ያልሆነው።

የኮምቦልቻዋን እንቆቅልሽ አስቀድሜ ልፍታልህ፣ ሌላውም ከሷ ይመዘዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ስለዚህ «አየሩ ነው?» ማለትህ አያስወቅስህም። ግን የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ ከፍታን አይደለም። አየሩ 10 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ይሄዳል፣ 25 ዲግሪ ሲሆን 346። ልዩነቱ ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ጆሮህ አይለየውም።

መስኮቱ ነው ወንድሜ። ደሴ ላይ ብርዱን ፈርተህ መስታወት ዘግተህ ትነዳለህ። ሐረጎን ጨርሰህ ሙቀቱ ፊትህን ሲመታህ ግን መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? መስታወት ማውረድ። ቤዙም በዚያው ወጣ።

የ40 ኸርዝ ድምፅ፣ ማለት በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገበው፣ አንዷ ሞገድ ብቻ 8.5 ሜትር ያህል ትረዝማለች። ቪትዝህ ከመብራት እስከ ታርጋ ብትለካ 4 ሜትር አትሞላም። ሞገዷ መኪናው ውስጥ መዘርጊያ ቦታ የላትም። ስለዚህ ሳቡ በጣም ዝቅ ያሉትን ድምፆች ሲያወጣ እንደ ብስክሌት መንፊያ ነው የሚሠራው፣ ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ አንዴ ይጨምቀዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። ሁሉም ነገር ግጥም ብሎ ከተዘጋ፣ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ ማለት ኸርዙ በግማሽ ሲቀንስ፣ እስከ 12 ዴሲብል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ጉርሻ ይገኛል። በተግባር መኪና ሁሉ የሚያሾልክ ቀዳዳ አያጣምና ያን ያህል አይሞላም፣ ቢሆንም ብዙ ነው። አነስተኛ መኪና በትንሽ ሳብ ያን ሁሉ ጩኸት የሚያወጣው በዚህ ጉርሻ ነው። መስታወት ስታወርድ ግን የጎማ ነፋስ እንደማስተንፈስ ነው። በዚያ ላይ የነፋሱና የጎማው ጩኸት የቀረውን ይሸፍነዋል። ካላመንከኝ ኮምቦልቻ ገብተህ ጥላ ሥር አቁምና መስታወቱን ሁሉ ዝጋ፣ ላብህን ችለህ አንድ ዘፈን ስማ። ደሴ የተውከው ቤዝ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ።

እሺ፣ እሱ አለቀ። አሁን ወደ ዋናው፣ አንዱ ኖታ ሲያጓራ ሌላው ወደሚጠፋበት እንምጣ። ይህኛው በእውነት ያናድዳል። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች በስሙ የተጠሩበት አገር ልጅ ነህ፣ ቅኝታችን ደግሞ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንዱ መኪናህ ውስጥ ቢጠፋ ከአምስት አንዱን ተዘረፍክ ማለት አይደል?

ሜትር አምጣና ጆሮህ ከፍታ ላይ ከፊት መስታወቱ እስከ ኋላ በሩ መስታወት ውስጥ ውስጡን ለካ። 2.4 ሜትር አገኘህ እንበል። የድምፅን ፍጥነት 343ን ለዚያ እጥፍ፣ ማለት ለ4.8 አካፍለው። 71 ኸርዝ ገደማ ይመጣልሃል። እዚህ ድግግሞሽ ላይ ድምፁ ከፊትና ከኋላ መስታወት እየተመላለሰ ራሱ ላይ ይደራረባል። ጫፍና ጫፉ ላይ ይወፍራል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። የሹፌር ጭንቅላት የት ነው ያለው? መሀል አካባቢ። የጓደኞችህስ? ከኋላ መስታወቱ ሥር። ለዚያ ነው እነሱ እየጮሁ አንተ የምትራበው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነበር፣ ለካ ለሳብውፈርም ይሠራል።

ቁጥሩን ከሙዚቃው ጋር ላገናኝልህ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፣ ቀጣዩ 55፣ ከዚያ 73፣ ቀጭኑ 98። እንግዲህ ቤዝ ተጫዋቹ ከ55 ተነሥቶ ወደ 73 ሲወጣ አንተ ወንበር ላይ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ሰውየው አልተሳሳተም፣ ሳቡም አልደከመም።

ገጣሚህ ትልቅ አምፕ ግዛ ያለህ እዚህ ላይ ነው የማይሠራው። 3 ዴሲብል ለመጨመር እጥፍ ዋት ያስፈልግሃል። 10 ዴሲብል ለመጨመር አሥር እጥፍ። ያለህ 300 ዋት ከሆነ 3,000 ልትገዛ ነው። እሺ ገዛኸው እንበል፣ ጉድጓዱ የተፈጠረው ድምፁ ራሱን በራሱ ስለሚያጠፋ ስለሆነ በጨመርክ ቁጥር የሚያጠፋውም አብሮ ይጨምራል። የሚተርፍህ ጓደኞችህን ማባረር ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏል ይህ ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከገመዱ ጀምር። እኔን እዚህ ላይ ያስተማረኝ የአክስቴ ልጅ ኮሮላ ነው። ልክ እንዳንተ ቤዝ አጣሁ ብሎ ሁለት ሳብ ቀያይሯል። አንድ እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ቦክሱን አወጣነው። የሳቡን ሁለት ገመዶች ከአምፑ ነቀልንና ከግድግዳ ሰዓት የወሰድናትን አንዲት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ነካ አደረግንባቸው፣ የባትሪዋን ፖዘቲቭ ከቀዩ ገመድ፣ ኔጌቲቩን ከጥቁሩ። የሳቡ ሸራ በትክክል ከተገጠመ ወደ ውጭ ነው ብቅ ማለት ያለበት። የሱ ትክ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ቦክሱ ውስጥ ገመዱ ተገላብጦ ነበር የታሰረው! ሳቡ ሲገፋ የበሩ ስፒከሮች ይስባሉ፣ ሳቡ ሲስብ እነሱ ይገፋሉ። ሁለቱ አብረው በሚሠሩበት ከ60 እስከ 100 ኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ሲጣሉ ይውላሉ። ሁለቱን ገመዶች ስናቀያይር መሀል ላይ የነበረው ባዶነት ሞላ። የወጣው ወጪ ዜሮ ነው፣ ሰዓቷም ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

አንተም ይህን ሞክር። አምፑን አጥፍተህ ብቻ ነው ገመድ የምትነካው። ባትሪ ድንጋይ ከሌለህም ግድ የለም፣ የሳቡን ሁለት ገመዶች አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ አድርገህ፣ ሹፌር ወንበር ላይ ሆነህ አንድ ዘፈን በሁለቱም ስማና ቤዙ የሞላበትን አስቀር። አንዳንድ አምፕ ላይ 0 እና 180 የሚል ፌዝ መቀየሪያ አለ፣ እሱም ያንኑ ነው የሚሠራው። ሳብህ ባለ ሁለት ኮይል (ሁለት ጥንድ ገመድ ማሰሪያ ያለው) ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ በባትሪ ድንጋይ ፈትናቸው፣ ሁለቱም ወደ ውጭ መግፋት አለባቸው። የበሮቹን ስፒከሮች ለመፈተን ደግሞ የበር ገበር መፍታት አያስፈልግህም። ሳቡን አጥፋና የቴፑን ባላንስ ወደ ግራ ጥግ ውሰደው፣ ቀስ እያልክ ወደ መሀል መልሰው። መሀል ሲደርስ ቤዙ ከመጨመር ፈንታ ከሳሳ አንዱ በር ተገልብጧል።

ገመዱ ንጹሕ ከሆነ ወደ መለካት። ስልክህ ላይ የፈተና ድምፆችን ጫን፣ ከ30 እስከ 100 ኸርዝ በየአምስቱ። ወሬና ጡሩንባ ከሌለበት ቦታ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣ ብለህ አቁም። ቤትህ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥተህ እንዳትሞክረው፣ ጭሱ ይገድላል። መስታወቶቹን ዝጋ፣ ወንበርህን ሁልጊዜ በምትነዳበት ቦታ አድርግ፣ ድምፁን መካከለኛ ላይ አድርገህ አትንካው። አንድ በአንድ አጫውትና በደብተር ላይ «ብዙ»፣ «ደህና»፣ «የለም» እያልክ ጻፍ። 30 ላይ ደከም ቢልብህ አትደንግጥ፣ የሰው ጆሮ ራሱ ለዝቅተኛ ድምፅ ሰነፍ ነው። የምትፈልገው ድንገት የሚዘል ወይም ድንገት የሚወድቅ ነገር ነው፣ ለምሳሌ 55 ላይ ዳሽቦርዱ እየተንጫጫ 70 ላይ ዝም የሚል። ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ ሂድና ድገመው። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ስታያቸው እኔ ከላይ የለፈለፍኩት ሁሉ ይገባሃል።

አሁን ደብተሩን ይዘህ ቦክሱን አንቀሳቅስ። ይህ ነው የመድኃኒቱ ግማሽ፣ ግን ሰው አይወደውም፣ ያደክማላ። በመጀመሪያ ፊቱን ከወንበሩ ወደ ኋላ በሩ አዙረው፣ ከሳቡ ፊት እስከ በሩ 10 ሳንቲ ገደማ ተው። እንደ ቪትዝ ባሉ ኋላቸው ቁርጥ ባለ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሳቡ ከበሩ በራቀ ቁጥር ከበሩ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ዘግይቶ ይደርስና ወደ ፊት ከሚሄደው ጋር ይጋጫል። ከዚያ 20 ሳንቲ፣ 30 ሳንቲ። ወደ ግራ ጥግ፣ ወደ ቀኝ ጥግ። ሽቅብ ወደ ጣራው። በእያንዳንዱ ያንን የጠፋብህን ድግግሞሽ ብቻ አጫውተህ ስማ። አምስት ሳንቲ እንኳ የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ወንበርህንም አንድ ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ሞክር፣ ፔዳሉ እስከደረሰልህ ድረስ። ጥሩው ቦታ ሲገኝ ቦክሱን በቀበቶ ወይም በብሎን ጠፍረህ እሰረው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ድንገት ፍሬን ብትይዝ ያ ሁሉ ኪሎ ወዴት እንደሚበር አስበው።

ቦክስህ ቱቦ የመሰለ ቀዳዳ አለው? አልነገርከኝም። ካለው፣ ያረጀ ካልሲ ጠቅልለህ ወትፈውና ስማ። ቤዙ ቀጠን ይላል፣ ግን ያ አንድ ኖታ ብቻ የሚያጓራው ነገር ከተስተካከለ ችግሩ የቦክሱ ነው። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ቦክሶች የሚሠሩት ሱቅ ውስጥ ሲፈተኑ እንዲያስደነግጡ ነው፣ ሱቁ ደግሞ ቪትዝ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ካልሲውን እዚያው ተወው እላለሁ፣ ማንም አያይህም።

የአምፑን ቁልፎች በተመለከተ፣ ቤዝ ቡስት የሚለውን ዜሮ አድርገው። አብዛኛውን ጊዜ 45 ኸርዝ አካባቢ ብቻ ነው የሚያፋፋው፣ መኪናዋ በራሷ እያፋፋችው ያለውን ማለት ነው። ኤልፒኤፍ የሚለውን፣ ለሳቡ ቀጫጭኑን ድምፅ የሚቆርጥበትን፣ 80 ላይ አድርግና ወደ 70፣ ወደ 90 እያልክ ስማ። ቴፕህ ኤችፒኤፍ (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ) ካለው የበሮቹን ስፒከሮች እዚያው 80 አካባቢ ቁረጣቸው፣ ሁለት ሰው አንድ ጆንያ ሲሳሳብ አይሆንም። ጌይን ደግሞ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም! አምፑን ከቴፑ ጋር ማስማሚያ ነው። መቆራረጥና መሻከር ሲጀምር ወደ ኋላ መልሰው።

ኢኳላይዘር፣ ድምፁን በየድግግሞሹ ከፍ ዝቅ የምታደርግበት፣ የመጨረሻ ነው። የሚያጓራውን ቀንስበት፣ የጠፋውን ግን አትሙላበት፣ ከላይ የነገርኩህን የአሥር እጥፍ ሂሳብ አትርሳ። 55 ላይ አራት አምስት ዴሲብል ብትቀንስ 70 ድንገት ያለ ይመስልሃል። የጨመርከው ነገር የለም፣ የሚሸፍነውን ነው ያነሣህለት።

ሌላው ታርጋው ነው። ከፍ አድርገህ እያጫወትክ ወደ ኋላ ሂድና መዳፍህን ታርጋው ላይ ጫን። «ዝርርር» የሚለው ካቆመ፣ ቤዝ ነው ብለህ ስትሰማው የነበረው ግማሹ ቆርቆሮ ነበር። ከኋላው ስስ ስፖንጅ ለጥፍበትና ብሎኑን አጥብቀው። ክሪኩንና የጎማ መፍቻውንም በጨርቅ ጠቅልላቸው።

ቦክሱን አዙረህ ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ጓደኞችህንም ሰላም በልልኝ፣ አሳዝነውኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ሳብ ካስገጠምኩ ወዲህ ሞተር ሲነሣ ከስፒከሩ «ዊይይይ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ነዳጅ ስረግጥ ይቀጥናል። ሞተር ሲጠፋ የለም። ስለ ቤዙ ቅሬታ የለኝም፣ ይህ ግን ራሴን ሊያዞረኝ ነው።
ከሐይቅ

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ድምፅ የዲናሞሽ ነው። በጣም ብዙ ጊዜ መንገዱ ግራውንዱ ነው። የአምፑ ጥቁር ገመድ የት እንደታሰረ እይው። ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ወይም በወንበር ብሎን ላይ ካሰሩልሽ ፍቺው፣ ከአምፑ ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ሻሲው ላይ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ ብረቱ ነጭ እስኪል ድረስ አጽጂና እዚያ እሰሪው። ካልጠፋ አርሲኤ ገመዱን፣ ከቴፑ ድምፁን ወደ አምፑ የሚያመጣውን፣ ከአምፑ ንቀይው። ያኔ ዝም ካለ ድምፁ እየገባ ያለው ከፊት ነው፣ ምናልባትም ገመዱን ከወፍራሙ የባትሪ ገመድ ጋር በአንድ በኩል አብረው ቀብረውታል። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አሳልፊያቸው። እግረ መንገድሽን ኮፈኑን ክፈችና ወፍራሙ ገመድ ላይ ፊውዝ መኖሩን አረጋግጪ፣ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ በላይ ሳይርቅ። ከሌለ ዛሬውኑ አስገቢ፤ «ዊይይይ» ያለው ራስ ያዞራል፣ ፊውዝ የሌለው ግን መኪና ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው። 10 ኢንች ሳብ ከኋላ ወንበር ሥር ገጥሜ ነበር፣ ቤዝ የሚባል ነገር የለውም። የጓደኛዬ ቪትዝ ላይ ይኸው ሳብ ቤት ያፈርሳል። ሳቡ አውቆ ነው የሚለግምብኝ?
ከወልድያ

መልስ፦ ጎበዝ፣ ከላይ ለሸዋበሩ ልጅ የጻፍኩትን አንብበው። እሱ መስታወት ሲያወርድ ቤዙ ከሳበት፣ አንተ ጭራሽ መስታወትም በርም የለህም! አየሩን የሚይዝልህ ነገር ስለሌለ ዝቅተኛው ድምፅ ጉርሻውን አያገኝም፣ ወልድያ አስፋልት ላይ ተበትኖ ይቀራል። ሸራ ብትጋርድበትም ያው ነው፣ ሸራ ዝናብ እንጂ ግፊት አይዝም። ሳቡን ለጓደኛህ ሽጥለትና በምትኩ ሁለት ጥሩ ባለ 6 ኢንች ስፒከር ከነቦክሳቸው ግጠም፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥባቸው። ከበሮው ጥርት ብሎ ይሰማሃል፣ ድምፃዊውም አይታፈንም፣ የባጃጇ ባትሪም ትንሽ ስለሆነች ታመሰግንሃለች። ደግሞ ተሳፋሪ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» ሲልህ ትሰማዋለህ።